አንድም ኳስ ሳልወረውር ሰው ያሰናበትኩበት ዓርብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የሻቩዖት በዓል ካለፈ በኋላ በነበረው ዓርብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሁለት ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ይስቁብኛል። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚያስቀው እንዳለ ሆኖ ግን፣ በዚያ ቀን የሰማሁት አንድ ንግግር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ስሜ ታደለ ነው። ከሌሎች አይሁድ ቤተሰቦች ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ወደዚህ አገር ስንመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን በአሽዶድ ወደብ የክሬን ምልክት ሰጪ ነኝ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የክሬኑ ነጂ ከላይ፣ ፎቅ በሚያህል ከፍታ፣ በአንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለውን ሁሉ ደህና አድርጎ ማየት አይችልም። እኔ ታች ቆሜ በእጄ እነግረዋለሁ። ጣቴን ወደ ላይ ከቀሰርኩ «አንሳ» ማለቴ ነው፤ ወደ ታች ከሆነ «አውርድ»። ሁለት ክንዴን ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጌ ከዘረጋሁ ግን «ሁሉም ነገር ይቁም!» ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ምልክት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ማንም ሊሰጠው ይችላል፤ መሬት የሚጠርገው ሰውም ቢሆን። ያየው ሁሉ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ባለበት ይቆማል። ምልክት ሰጪ ከሆነ ደግሞ እሱም ክንዱን ዘርግቶ ይደግመዋል፤ «አጾር!» ብሎም ይጮኻል። በዕብራይስጥ «ቁም!» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ችግሩ አለፈ የሚለው ሰው እስኪመጣ ድረስ ክንዱን አያወርድም። ሃያ ስምንት ዓመት ይህን ስሠራ ኖሬያለሁ። ነገሩ ደሜ ውስጥ ገብቷል ብል ማጋነን አይሆንም።

አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ከሺምሾን ጋር ነው። ሺምሾን የክሬን ነጂ ነው፤ ወላጆቹ ከህንድ አገር የመጡ አይሁድ ናቸው። ቁመቱ አጭር፣ ልቡ ሰፊ፣ ጆሮው ደግሞ ሰነፍ ነው፤ የሞተር ጩኸት በልቶታል። እኔን የሚሰማኝ በዓይኑ ነው። ምሳ ስንበላ እንኳ ጨው ስፈልግ በእጄ ነው የምጠይቀው።

ሺምሾን ሁለት በሽታ አለበት። አንዱ ጉልበቱ ነው፣ ሌላው ክሪኬት።

ክሪኬት ምን እንደሆነ እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ አላውቅም ነበር። ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች መሬት ላይ ይቆማሉ። ከፊታቸው መቺው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ወርዋሪው ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ እንጨቶቹን ለመጣል ኳስ ይወረውራል። መቺው ኳሱን ከመታ ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ከእንጨቶቹ ኋላ ጓንት ያጠለቀ ያዥ ቁጢጥ ብሎ ያመለጠውን ኳስ ይይዛል። መቺው ከተሰመረለት መስመር ወደ ፊት ወጥቶ ሳለ ያዡ ኳሱን እንደያዘ እንጨቶቹን ከጣለ፣ መቺው ተሰናበተ። አሥር ሰው ሲሰናበት ተራው ያልቃል። የቀረውን እኔም አላውቀውም፣ እናንተም አያስፈልጋችሁም።

ሺምሾን በእኛ ሰፈር በሮቫ ዩድ የአንጋፋዎች ቡድን ውስጥ ያዥ ነው፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች እንደ እሱ ከህንድ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ ከሌላው ሰፈር ከሮቫ ሔት አንጋፋዎች ጋር አንድ ትልቅ ጨዋታ አላቸው። የሮቫ ሔት ዋናው መቺ ናታን ይባላል። ናታን የሺምሾን እህት ባል ነው። እሱም የወደብ ሰው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ትልቁን የዕቃ ማንሻ መኪና ነድቶ በቅርቡ ጡረታ ወጥቷል። ግዙፍ ሰው ነው፤ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል።

ሺምሾን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ናታንን አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ አሰናብቶ አያውቅም። ናታን ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በየበዓሉ ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ አንድ ፖም አንስቶ «ሺምሾን፣ ያዝ!» ብሎ ይወረውርለታል። ሺምሾን ይይዛል። «አያችሁ? ፖም ሲሆን ይይዛል!» ይላል ናታን። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንኑ ፖም፣ ያንኑ ሳቅ። ሺምሾን ይህን ሲነግረኝ እኔም ስቄ ነበር፤ ከዚያ ፊቱን አይቼ ሳቄን ዋጥኩት።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ጉልበቱ በቀዶ ጥገና እንደሚቀየር ነገረው። ከዚያ በኋላ ቁጢጥ ማለት የለም። ስለዚህ የዚያ ዓመት ጨዋታ የመጨረሻው ነበር። ናታንን ማሰናበት ከፈለገ ያኔ ነው፤ አለዚያ ፖሙን እስከ ዕድሜ ልኩ ሊይዝ ነው።

ዓርብ ጨዋታ ሊሆን ማክሰኞ ዕለት ሺምሾን ከክሬኑ ወርዶ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ።

«ታዲ፣ አንድ ሰው ጎደለን። ልጁን ሊድር ወደ ውጭ አገር ሄደ። አንተ ትገባለህ» አለኝ።

«እኔ? እኔ እኮ ኳስ የነካሁት ልጄ መስኮት የሰበረ ጊዜ ነው!»

«ክሪኬት ስትወረውር ክርንህን ማጠፍ ክልክል ነው» አለ። «እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ወደብ ላይ ከአንተ የበለጠ ክንዱን ቀጥ አድርጎ የሚኖር ሰው ማን ነው?»

እሺ አልኩት። ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ በብርቱካን አሠለጠነኝ። የመጀመሪያው ብርቱካን የአለቃችንን መኪና መታ። ሁለተኛው ወደ ኋላ ሄደ፤ እንዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሺምሾን ግን ተስፋ አልቆረጠም። የወደቁትን እየላጠ እየበላ ስለ ጉደኛ ወርዋሪዎች ያወራልኝ ነበር። በአንድ ተራ አሥሩንም መቺዎች ብቻውን ያሰናበተ ሰው አለ አለኝ። ሌላው ደግሞ ከመቶ በላይ ኳስ በተከታታይ ወርውሮ አንዲት ነጥብ አልሰጠም። አንዱ ግን ስድስት ኳስ ብቻ በሚወረወርበት አንድ ዙር ውስጥ የተበላሸ ኳስ እየደጋገመ ሰባ ምናምን ነጥብ አስቆጥሮ ስሙ በመዝገብ ሰፍሯል።

ከሦስቱ የመጨረሻው ሰው ለእኔ ቀረበኝ። ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት የሺምሾንን ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ተውሼ ለበስኩ። እኔ ረጅም ነኝ፣ እሱ አጭር። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ። አብራን የምትኖረው እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሲግድ ደረሰ እንዴ?» አለችኝ። ለሲግድ በዓል ሁላችንም ነጭ እንለብሳለን።

«አይ እማዬ፣ ለጨዋታ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ? በል ሰንበት ሳይገባ ተመለስ። ያንን ሱሪም ለባለቤቱ መልስለት፤ ልጅ ሳለህ የለበስከው ይመስላል።»

ጨዋታው ከሮቫ ዩድ ጎን ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ዋናው ዳኛ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሁሉም «ዶክተር» ይላቸዋል። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ሳይ በሰው አገር ሽማግሌ አይከበርም እንዴ ብዬ ወንበር ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ዳኛ አይቀመጥም ብለው መለሱኝ። ውጤት መዝጋቢዋ ፍሎራ ናት፤ የሺምሾን እህት፣ የናታን ሚስት። ከአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ መዝገቧን ዘርግታ ተቀምጣለች። «ዛሬ ለማን ነሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ለእርሳሴ» አለችኝ።

መጀመሪያ እኛ መታን። እኔ መጨረሻ ላይ ገብቼ በመጀመሪያዋ ኳስ ተሰናበትኩ። እንዲያውም ኳሷን አላየኋትም፤ ከኋላዬ እንጨት ሲወድቅ ነው የሰማሁት። ለማንኛውም ሰላም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ የእረፍት ምግብ መጣ። ስለ ህንዶቹ ምግብ ብዙ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤኒ የሚባለው ወርዋሪያችን ሳምቡሳ ሲበላ ማንም አላስቆመውም።

ተራው የሮቫ ሔት ሆነ። ናታን ከመጀመሪያው ገብቶ እንደ ምሰሶ ተተከለ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲሰናበቱ እሱ ንቅንቅ አላለም። ኳስ ባመለጠችው ቁጥር ወደ ኋላ ዞሮ «ሺምሾን፣ ፖም ላምጣልህ?» ይላል። ሺምሾን አይሰማውም፤ ግን ምን እንደሚል ያውቃል። በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ጉልበቱ ሲጮህ እኔ ሩቅ ጥግ ላይ ሆኜ የምሰማው ይመስለኝ ነበር። እኔን ኳስ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነበር ያቆሙኝ። ሁለት ጊዜ ግን ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእግሮቼ መካከል አለፈ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስን። ሮቫ ሔቶች ዘጠኝ ሰው ተሰናብቶባቸዋል። አንድ ሰው ካሰናበትን አሸነፍን። እነሱ ደግሞ ሦስት ነጥብ ካገኙ አሸነፉ። መቺው ናታን ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሁሉም ሰዓቱን ያያል።

በእነሱ ሕግ አንድ ወርዋሪ ከተወሰነለት ዙር በላይ መወርወር አይችልም። ሌሎቹ ድርሻቸውን ጨርሰዋል። የቀረው ቤኒ ብቻ ነው። ቤኒ ደግሞ ሁለት እርምጃ ሮጠና ሆዱን ይዞ ቆመ። ሳምቡሳው ነው።

ሺምሾን ሜዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ ሌላ ሰው እንዳለ አየሁ፤ ማንም የለም። ሺምሾን እያነከሰ መጥቶ ኳሷን እጄ ላይ አስቀመጠ። 

«ሺምሾን፣ ተው» አልኩት ጆሮው ሥር። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅከውን እኔ ላበላሸው ነው።»

«ክንድህን ቀጥ አድርግ። ሌላ ምንም አታስብ።»

«ወዴት ልወርውር?»

«ወደ እኔ» አለና ተመልሶ ከእንጨቶቹ ኋላ ቁጢጥ አለ።

አምላኬን ጠራሁና መሮጥ ጀመርኩ። ሱሪው ስለያዘኝ ሩጫዬ የዳክዬ ነበር። ከዶክተሩ ጎን ስደርስ ክንዴን ቀጥ አድርጌ አዞርኩና ለቀቅኩ። ኳሷ ከእጄ ስትወጣ መጥፎ መሆኗን አወቅኩ። በጣም ቀስ ብላ፣ በጣም ርቃ ወደ ቀኝ ሄደች። ናታን ጨዋታውን በአንድ ምት ሊጨርስ አስቦ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ነበር፤ ዱላውን ወዘወዘ፣ አልደረሰባትም። ሺምሾን ወደ ጎን ተወርውሮ በሆዱ ወደቀ፤ ኳሷን ግን ያዘ።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በጨረፍታ ነው። ምክንያቱም ሐሳቤ ሽማግሌው ላይ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ፊት እንዲህ ያለ ኳስ መወርወር ነውር መስሎ ተሰማኝ። «ይቅርታ ዶክተር» ልላቸው ፊቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

ዶክተሩ ሁለት ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ቀጥ አድርገው ዘርግተዋል።

በኋላ እንደተነገረኝ በክሪኬት ይህ ምልክት «ኳሷ ከመቺው ርቃለች» ማለት ነው። ሺምሾን በሦስት ቀን ብርቱካን ውስጥ ይህን ሊነግረኝ ረስቷል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው ከጭነት ሥር ገብቷል ማለት ነው። ማን? የት? አልጠየቅኩም። ወደ ሜዳው ዞርኩ፣ ሁለት ክንዴን ዘረጋሁ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«አጾር!»

ናታን ወደ መስመሩ ለመመለስ እየዞረ ነበር። ድምፄን ሰማ፣ ክንዴን አየ፣ ቀጥ አለ። አንድ እግሩ አየር ላይ እንደተነሳ ቀረ። እሱ ብቻ አይደለም። በሜዳው ላይ ካለው ሰው ግማሹ የወደብ ሰው ነው። ቤኒ ሆዱን እንደያዘ ደረቀ። አንዱ ኮፍያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እንደጎነበሰ ቀረ። ከሜዳው ውጭ በርጩማ ላይ የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ የጉምሩክ ዘበኛ ሻዩን ከአፉ ላይ አድርሶ አልጠጣም። ከነጭ ልብሳችን ጋር የጨው ሐውልት መስለን ቆምን።

የተንቀሳቀሰው ሺምሾን ብቻ ነው። ፊቱ መሬት ላይ ስለነበር ክንዴን አላየም። ጆሮው ደግሞ ያው ጆሮው ነው። ኳሷን በጓንቱ እንደያዘ በሁለት ጉልበቱ እየዳኸ፣ እያቃሰተ፣ ወደ እንጨቶቹ ሄደ። ናታን መስመሩ ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። ግን አልተንቀሳቀሰም። ሺምሾን ደረሰ። እንጨቶቹን በኳሷ መታቸው። ወደቁ።

በጎን በኩል የቆመው ሁለተኛው ዳኛ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። በክሪኬት ይህ «ተሰናብቷል» ማለት ነው። በእኛ ደግሞ «ጭነቱን አንሳ» ነው። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ፤ አንዱ ሽማግሌ ቁም ይላል፣ አንዱ አንሳ ይላል! ሆኖም «ቁም» ከሁሉም ስለሚበልጥ ክንዴን አላወረድኩም።

ከዚያ ጩኸት ሆነ። የሮቫ ሔት አለቃ ከጥግ እየሮጠ መጣ። «አታለለው! ጮሆ አስቆመው! ይህ ጨዋታ ነው ሌብነት?» ይላል። የእኛዎቹም መልስ አላጡም። ዶክተሩ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አሉ። «ኳሷ ርቃለች፤ ሮቫ ሔት አንድ ነጥብ ያገኛል። መቺ በራቀች ኳስ ላይም ቢሆን በዚህ ዓይነት ሊሰናበት ይችላል። ጥያቄው ጩኸቱ ነው። ሰውየው ሆን ብሎ መቺውን ለማወናበድ ከጮኸ፣ ናታን አልተሰናበተም፤ ነጥብም በቅጣት ይሰጠዋል፤ ሮቫ ሔት አሸነፈ ማለት ነው። ሆን ብሎ ካልሆነ ግን ተሰናብቷል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም ዶክተር። እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ» አልኩ፣ ክንዴን እንደዘረጋሁ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።  ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ኳሷን በደረቱ አቅፏል፣ ምን እንደሚባል አይሰማም፤ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ ይመለከታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን አግኝቶ በእኔ ጅልነት ሊቀማ ነው። በዚያች ደቂቃ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የዚህን ሰው ልብ ማየት አልችልም» አሉ። «ናታን፣ የቆምከው አንተ ነህ። ተታለልክ ወይስ አልተታለልክም?»

 ፍሎራ እርሳሷን አስቀመጠች።

ናታን «ተታለልኩ» ቢል ማንም አይከራከረውም። ያሸንፋል፤ ፖሙም ይቀጥላል። እግሩን ቀስ ብሎ አወረደ። እኔን አየ፣ ሺምሾንን አየ፣ ላቡን ጠረገ።

«ወደብ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት» አለ፣ «ወደ ኋላ እየነዳሁ ነበር። አንድ ሰው ከሩቅ ክንዱን ዘረጋ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቸኩዬ ነበር፣ ሰደብኩትም። ግን ቆምኩ። ወርጄ ሳይ ከኋላ ጎማዬ ሥር አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ተንበርክኮ የጫማውን ክር ያስራል። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። የምልክት ሰጪውንም ስም አልጠየቅኩም፤ አላመሰገንኩትም። ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንድ ሰው ሳልጎዳ ወደ ቤቴ የገባሁት እንደዚህ ያለ ክንድ ባየሁ ቁጥር ስለምቆም ነው። በሕልሜም ቢሆን እቆማለሁ።»

ወደ እኔ መጣ። ከፊቴ ሲቆም ፀሐዩ ጠፋ።

«ይህ ሰው አላታለለኝም» አለ ለዶክተሩ። «ሥራውን ነው የሠራው። ተሰናብቻለሁ።»

ከዚያ ሁለት ክንዴን በሁለት ትላልቅ እጆቹ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረዳቸው። «አለፈ ታዲ። ሁሉም ደህና ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ትከሻዬ እንደደነዘዘ ያወቅኩት። ዓይኔም እንባ ሞልቶ ነበር፤ በላብ አሳበብኩ።

ሺምሾን አሁንም አልሰማም። ናታን ወደ እሱ ሄዶ ጎንበስ አለና አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረለት። ሺምሾን ጣቱን አየ። ፊቱን አየ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ናታን በብብቱ ሥር ይዞ አነሳው። ትልቁ ትንሹን ተሸክሞ ከሜዳው ወጣ፤ ትንሹ ኳሷን አልለቀቃትም።

በአንድ ነጥብ አሸነፍን።

ጣጣው ግን አላለቀም። ፍሎራ መዝገቧን ይዛ ዶክተሩ ጋ ሄደች። «ዶክተር፣ ይህ ሰው ስንት ኳስ ወረወረ ብዬ ልጻፍ?» አለች።

ዶክተሩ አሰቡ። «የራቀች ኳስ በቁጥር አትገባም። ስለዚህ ዜሮ።»

«ስንት ሰው አሰናበተ?»

«አንድ።»

ፍሎራ እርሳሷን ጥርሷ ላይ አደረገች። «ሳይወረውር አሰናበተ ልበል?»

ዶክተሩ ያን ጊዜ ነው የሳቁት። በክሪኬት ታሪክ ውስጥ ገና አንድ የተቆጠረ ኳስ ሳይወረውሩ ሰው ያሰናበቱ እጅግ ጥቂት ናቸው አሉ። አንዱ በዓለም የታወቀ የህንድ ተጫዋች ነው፤ እሱ ግን ቀጥሎ ሌሎች ኳሶችን ወርውሮ ነገሩን አበላሸው። «አንተ ግን ንጹሕ ነህ» አሉኝ፣ እጄን እየጨበጡ። ህንዶቹ ወረፋ ይዘው እጄን ጨበጡኝ። እኔ በየመሀሉ «ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» እላለሁ። እነሱም «እሱ እኮ ነው!» ይላሉ።

ሰንበት ሳይገባ ቤቴ ደረስኩ። እናቴ «እሺ፣ ቀናህ?» አለችኝ። «ምንም ሳልወረውር አሸነፍኩ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሰይ፣ እንዲያ ነው ሳይደክሙ ማሸነፍ» አለች።

የሺምሾን ጉልበት ተቀይሯል። አሁን ክሬኑ ላይ ሲወጣ ከእኔ ይፈጥናል። በበዓል ማዕድ ላይ ፖም የሚወረውረው እሱ ሆኗል አሉኝ፤ ናታንም ሆን ብሎ አይይዘውም። እኔን በየጨዋታው ይጠሩኛል፤ አልሄድም። አንድ ደህና ኳስ ከወረወርኩ ወዲያውኑ ተራ መጥፎ ወርዋሪ ሆኜ እቀራለሁ። አሁን ግን መዝገቤን የሚያክል የለም።

በእውነት ለመናገር ግን የምኮራው በመዝገቡ አይደለም። የእኔ ሥራ ምስጋና የለውም። አደጋ ሲደርስ ሁሉም «ምልክት ሰጪው የት ነበር?» ይላል። ያልደረሰውን አደጋ ግን ማን ያየዋል? ክንዴን ዘርግቼ ባስቆምኩ ቁጥር ነጂዎቹ ሰዓት ገደልክብን እያሉ ይሰድቡኛል። እየዋለ እያደረ እኔም ማፈር ጀምሬ ነበር፤ ላስቁም አላስቁም እያልኩ የማመነታበት ጊዜ ነበር። ናታን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮራበትን ነገር አሳልፎ ሰጥቶ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «ሥራውን ነው የሠራው» አለልኝ። እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አላመነታም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ድመት ከኮንቴይነር ሥር ስትገባ አይቼ መላውን መስመር አስቆምኩ። ክሬኑ ቆመ፣ መኪናዎቹ ተሰለፉ፣ ነጂዎቹ በአምስት ቋንቋ ሰደቡኝ። ድመቷ ስትወጣ ክንዴን አወረድኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።